ቼክ ኢንጂን በርቶ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» ከተባላችሁ፤ ከመቀየራችሁ በፊት እና ስትቀይሩ ማወቅ ያለባችሁ

ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት በራች። ኮምፒውተር አስነበባችሁ። «ኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ ይቀየር» ተባላችሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁለት ወጪ ነው፤ የዕቃው እና የእጅ። ሴንሰሩ ከሞተሩ ጀርባ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ከሆነ ደግሞ የእጅ ዋጋው ይከብዳል።

ይሄን ሥራ ቤቱ ግቢ ውስጥ ራሱ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ይቻላልም። ነገር ግን ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው፦ ያልተበላሸ ሴንሰር መቀየር።
ሁለተኛው፦ ተጣብቆ የቆየውን ሴንሰር በጉልበት ታግሎ የጭስ ማውጫውን ጥርስ ማበላሸት። ያኔ የአንድ ሴንሰር ሥራ የነበረው የጭስ ማውጫ ሥራ ይሆናል።

ዛሬ ሁለቱን ኪሳራዎች እንዴት ማስቀረት እንደሚቻል እናያለን።

ለምን አሁን?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ መንገድ ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው። የቤንዚን ዋጋም የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ይህ ሴንሰር ሲበላሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው የነዳጅ ፍጆታችሁ ነው።

አሜሪካ፣ በተለይ ሜሪላንድ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ እና ዲሲ ላላችሁ ወገኖች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቼክ ኢንጂን የበራበት መኪና የጭስ ምርመራውን አያልፍም። ኡበር ወይም ሊፍት ለሚሠራ ሰው ይሄ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ሴንሰሩ ምን ይሠራል?

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ልኩን የሚያውቀው በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን በማየት ነው። ይሄን የሚነግረው ኦክስጅን ሴንሰር ነው።

ሴንሰሩ ውስጥ ዚርኮኒያ የሚባል የሴራሚክ ዓይነት አለ። ይህ ሴራሚክ በአንድ ጎኑ ጭሱን፣ በሌላው ጎኑ የውጭውን አየር ያገኛል። በሁለቱ መካከል ያለውን የኦክስጅን ልዩነት ወደ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይለውጠዋል። ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይሆናል። ኮምፒውተሩ ይሄን እያነበበ የሚረጨውን ቤንዚን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ሥራው ሞተሩ እስኪጠፋ አይቆምም።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። የጀርመኑ ቦሽ ሠርቶት፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተገጠመው በቮልቮ መኪና ላይ ነው።

አንድ ነገር ያዙ፤ ሴንሰሩ በትክክል የሚሠራው ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ነው። ቶሎ እንዲሞቅ ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለውም ይህ ማሞቂያ ነው።

ሴንሰሩ ሲሞት መኪናው ላይቆም ይችላል። ኮምፒውተሩ በግምት ቤንዚን መርጨት ይጀምራል። መኪናው ይሄዳል፣ ግን ይበላል። ችላ ከተባለ፣ የተረፈው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ካታሊስቱን (ጭስ ማጣሪያውን) ከመጠን በላይ አሙቆ ያበላሸዋል። ካታሊስት ውስጥ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየም እና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት ስላሉ ዋጋው ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም።

የትኛው ሴንሰር ነው?

«ኦክስጅን ሴንሰር» ብቻ ብሎ መልስ የለም። ባለ 4 ሲሊንደር መኪና ብዙ ጊዜ ሁለት ሴንሰር አለው፦

ሴንሰር 1፦ ከካታሊስቱ በፊት ያለው። የቤንዚኑን መጠን የሚያስተካክለው ይህ ነው።
ሴንሰር 2፦ ከካታሊስቱ በኋላ ያለው። ዋናው ሥራው ካታሊስቱ በትክክል ማጣራቱን መከታተል ነው።

ባለ 6 ሲሊንደር ቪ ሞተር ላይ ደግሞ ሞተሩ ሁለት ጎን ስላለው ብዙ ጊዜ አራት ሴንሰር ይኖራል። እዚህ ላይ «ባንክ» የሚባል ነገር ይመጣል። ባንክ 1 ማለት አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ጎን ነው። እንደ ሲዬና እና ሃይላንደር ባሉ ባለ ቪ6 ቶዮታዎች ባንክ 1 በሹፌሩ ክፍል ግድግዳ በኩል ያለው፣ ማለትም የማይታየው ጎን ነው። በራዲያተሩ በኩል ያለው ባንክ 2 ይባላል። ይሄን ሳያውቅ የፊቱን ቀይሮ መብራቱ ያልጠፋለት ሰው ጥቂት አይደለም።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ 2ዜድአር ሞተር ያላቸው ኮሮላዎችም ጭስ ማውጫቸው ከሞተሩ ጀርባ ነው። ስለዚህ ሴንሰር 1 ጠባብ ቦታ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ «ሴንሰር ነው» ሲሏችሁ ኮዱን ጠይቁ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፦

ፒ0135፦ የባንክ 1 ሴንሰር 1 ማሞቂያ መስመር
ፒ0141፦ የባንክ 1 ሴንሰር 2 ማሞቂያ መስመር
ፒ0155፦ የባንክ 2 ሴንሰር 1 ማሞቂያ መስመር

ብሉቱዝ ማንበቢያ ገዝታችሁ በስልክ ራሳችሁ ማየትም ትችላላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር ነው የሚገኘው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ መኪኖች ግን ከርካሽ ማንበቢያ ጋር ላይግባቡ ይችላሉ።

ኮድ ጥቆማ ነው፣ ፍርድ አይደለም

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ከላይ ያሉትን ኮዶች ልብ በሉ፤ «መስመር» ነው የሚሉት። መስመር ማለት ሴንሰሩ፣ ሽቦው፣ መሰኪያው እና ፊውዙ አንድ ላይ ናቸው። የተቃጠለ ፊውዝም ይሄንኑ ኮድ ሊያመጣ ይችላል።

ፒ0171 የሚባል ኮድም አለ፤ «አየር በዝቷል» ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ ሴንሰር ይገዛል። ሴንሰሩ ግን ሥራውን እየሠራ፣ ያየውን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የተሰነጠቀ የአየር ጎማ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን መቀየር መርዶ ነጋሪውን እንደ መክሰስ ነው።

ፒ0420ም እንደዚያው። ጉዳዩ የካታሊስት ነው። ሴንሰር 2ን ስለቀየራችሁ የደከመ ካታሊስት አይድንም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

1. ፊውዙን። የት እንዳለ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ወይም መጽሐፉ ላይ አለ።

2. ሽቦውን። ከመያዣው ወጥቶ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ተኝቶ የቀለጠ ሽቦ የተለመደ ነው።

3. ከሴንሰሩ በፊት ያለውን የጭስ ማውጫ። ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ስቦ ሴንሰሩን ያሳስተዋል። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ ስታስነሱት «ጭክ ጭክ» የሚል ድምፅ ካለ ጠርጥሩ።

4. ማሞቂያውን። መሰኪያውን ነቅላችሁ በመልቲሜትር የሁለቱን የማሞቂያ ሽቦዎች ኦም ለኩ። ብዙ ሴንሰሮች ላይ ሁለቱ ቀለማቸው አንድ ዓይነት ነው። ጤነኛ ማሞቂያ እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ኦም እስከ አሥራ ምናምን ኦም ያሳያል። መለኪያው ጭራሽ ካልተነቃነቀ ውስጡ ተበጥሷል፤ ሴንሰሩ ሞቷል ማለት ነው። ይህ ከሁሉም የተሻለ ማረጋገጫ ነው።

5. በስልክ የሚታየውን ንባብ። ሞተሩ ሲሞቅ የድሮው ዓይነት ሴንሰር 1 በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል እየዘለለ መሥራት አለበት። ሴንሰር 2 ግን ረጋ ማለት አለበት። ሁለቱም እኩል የሚዘሉ ከሆነ የደከመው ካታሊስቱ ነው። ጥንቃቄ፦ ብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች ላይ ሴንሰር 1 «ኤር ፊውል ሴንሰር» የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሱ እንደዚያ አይዘልም። «አይዘልም፣ ሞቷል» ብላችሁ እንዳትፈርዱበት።

ዕቃ ስትገዙ

ያገለገለ ሴንሰር አትግዙ። ሶማሌ ተራ ብዙ ነገር በርካሽ ይገኛል፤ በርም መብራትም በዓይን አይቶ መግዛት ይቻላል። ሴንሰር ግን ውስጡ ማለቁ በዓይን አይታይም። የሌላ ሰው የሞተ ሴንሰር ገዝታችሁ ሥራውን ሁለት ጊዜ ልትሠሩ ትችላላችሁ።

በመኪናው ስም ብቻ አትግዙ። በቻሲስ ቁጥር ወይም አሮጌው ላይ ባለው የዕቃ ቁጥር ፈልጉ። ኤር ፊውል ሴንሰር እና ተራ ኦክስጅን ሴንሰር ጥርሳቸው አንድ ሆኖ ሊገጥም ይችላል፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም።

መሰኪያ የሌለው፣ ሽቦ ተቆርጦ የሚቀጠል ርካሽ ሴንሰርም ይሸጣል። ባይመረጥ ይሻላል። ብዙ ሴንሰሮች የውጭውን አየር የሚያገኙት በሽቦው ውስጥ ነው፤ በብየዳ የተደፈነ ሽቦ ሴንሰሩን ያፍነዋል።

የሚያስፈልጋችሁ

▪ ብዙ ጊዜ 22 ቁልፍ። ሽቦው እንዲያልፍ ጎኑ የተሰነጠቀ የሴንሰር ሶኬት ይሸጣል። (አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ሴንሰሩ የሚያዘው በሁለት ዳዶ ነው፤ መጀመሪያ እዩት።)
▪ ረጅም ማራዘሚያ እና ተጣጣፊ መገጣጠሚያ
▪ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ
▪ ወፍራም ጓንት እና የዓይን መነጽር
▪ መኪናው የሚነሳ ከሆነ ክሪክ እና ጠንካራ የብረት ማቆሚያ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት በፍጹም አይቻልም። ድንጋይና ብሎኬትም ማቆሚያ አይደለም፤ ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈርሳል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ከቀኑ በፊት ማታ፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ እያለ፣ ስፕሬዩን ሴንሰሩ ጭስ ማውጫው ላይ የሚገባበት ዙሪያ ርጩ። የጋለ ብረት ላይ አትርጩ፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። ሌሊቱን ይደር።

2. ጠዋት ስልካችሁን ቪዲዮ እና መብራት ላይ አድርጋችሁ ክፍተቱ ውስጥ አስገቡት። ሴንሰሩ የት እንዳለ፣ ሽቦው በየት እንደሚሄድ፣ መሰኪያው የት እንዳለ ቅረጹ። እጃችሁ የማይደርስበትን ስልካችሁ ያየዋል።

3. መንገድ ክፈቱ። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ቢነሳ ከላይ ቦታ ይገኛል። አንዳንድ መኪና ላይ የዝናብ መጥረጊያዎቹንና ከሥራቸው ያለውን ፕላስቲክ ማንሳት ከሞተሩ ጀርባ ትልቅ ክፍተት ይሰጣል። ጭስ ማውጫው ላይ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ካለ ቡሎኖቹን ቀስ ብላችሁ ፍቱ፤ ዝገው በቀላሉ ይሰበራሉ። ግማሽ ሰዓት ቦታ መክፈት ሁለት ሰዓት በጭፍን ከመታገል ይሻላል።

4. ሞተሩን ለ5 ደቂቃ ያህል አስነሱ፤ ከዚያ አጥፉና ቁልፉን አውጡ። ብረቱ ሞቅ ሲል ይለጠጣል፣ የተጣበቀው ይላቀቃል። የጋለ ጭስ ማውጫ ቆዳ ይልጣል፤ በጓንት መንካት እስኪቻል ጠብቁ። ደግሞ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ። ጭሱ ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል።

5. መጀመሪያ መሰኪያውን ንቀሉ። መቆለፊያውን ተጭናችሁ መሰኪያውን ያዙ፤ ሽቦውን አትጎትቱ።

6. ፍቱት። አቅጣጫውን አረጋግጡ፤ ከሴንሰሩ ጀርባ ሆናችሁ ስታዩት ወደ ግራ ነው የሚፈታው። ተገልብጦ የተኛ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፣ ሳያውቅ እያጠበቀ ይታገላል። አንዴ ከተነቃነቀ በአንድ ትንፋሽ አታውጡት። ሩብ ዙር ፍቱ፣ ትንሽ መልሱ፣ ስፕሬይ ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። ጥርሱን የሚያድነው ይሄ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

7. አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። መሰኪያው፣ የሽቦው ርዝመት፣ ጥርሱ አንድ መሆን አለበት። አዲሱ ከእጅ ከወደቀ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ከሳጥኑ አታውጡት።

8. ብዙ አዳዲስ ሴንሰሮች ጥርሳቸው ላይ የተቀባ ቅባት አላቸው፤ ሌላ አትጨምሩ። ከሌለው ለሴንሰር የተሠራውን ብቻ ጥርሱ ላይ በስሱ ቀቡ። ጫፉን ምንም ነገር አይንካው። ሲሊኮን በአካባቢው አትጠቀሙ፤ ትነቱ ሴንሰሩን ይመርዘዋል።

9. መጀመሪያ በእጃችሁ ብቻ አስገቡት። በጣት ያለ ትግል ጥቂት ዙር መግባት አለበት። ከጅምሩ ከከበደ ተጣሞ ገብቷል፤ አውጥታችሁ እንደገና ሞክሩ። በቁልፍ ማስገደድ ማለት ጥርሱን መብላት ነው። ሽቦው እንዳይጠማዘዝ ሴንሰሩን ከማስገባታችሁ በፊት ሽቦውን በተቃራኒ አቅጣጫ ጥቂት ዙር ጠምዝዙት፤ ስታጠብቁ ራሱ ይፈታል።

10. አጥብቁ። ለብዙዎቹ ከ40 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ የመኪናችሁን መጽሐፍ አረጋግጡ። ሽቦውን በቀድሞ መያዣዎቹ ሁሉ መልሱት። ከጋለው ብረት ካልራቀ አዲሱም ይቀልጣል።

አልወጣም ካለ?

የተሰነጠቀው ሶኬት ጉልበት ሲበዛበት አፉ ይከፈትና የሴንሰሩን ማዕዘን ይበላዋል። ይሄ ከመሆኑ በፊት ቁሙ። ትክክለኛው አዲስ ሴንሰር እጃችሁ ላይ ካለ፣ የአሮጌውን ሽቦ ቆርጣችሁ ዙሪያውን የሚይዝ ቀለበት ቁልፍ ወይም ያልተሰነጠቀ ረጅም ሶኬት አስገቡ። እሱ አይንሸራተትም። ነገር ግን ሽቦው ከተቆረጠ መመለሻ የለም። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ሳታስተያዩ አትቁረጡ።

እሱም እምቢ ካለ፣ ስፕሬይ ጨምራችሁ ሌላ ሌሊት አሳድሩት። ከዚያ ወዲያ ወደ ጋራዥ ነው። ባለሙያ ጋር አንገቱን በእሳት አግሎ የሚፈታበት መንገድ አለ። ቤት ውስጥ፣ የቤንዚን መስመር አጠገብ ይሄ አይሞከርም። ያልተሰበረ ሴንሰር ይዞ ጋራዥ መሄድ ሽንፈት አይደለም። ተሰብሮ ጥርሱ ከተበላ በኋላ መሄድ ነው ውድ።

ከተቀየረ በኋላ

ኮዱን በማንበቢያው አጥፉና መኪናውን ንዱ። መብራቱ ተመልሶ ከበራ ኮዱን እንደገና አንብቡ። ያው ኮድ ከሆነ ፊውዙንና ሽቦውን እዩ፤ ሌላ ኮድ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ኮዱን አጥፍታችሁ በዚያው ቀን ወደ ምርመራ አትሂዱ። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎችም ከዜሮ ይጀምራሉ። በብዙ ስቴቶች ከ2001 ሞዴል ወዲህ ላለ መኪና ያልተጠናቀቀ ፍተሻ ከአንድ በላይ ከሆነ ምርመራው አይቀበለውም። ጥቂት ቀን በከተማም በፈጣን መንገድም ንዱ። ፍተሻዎቹ ማለቃቸውን በስልካችሁ ካያችሁ በኋላ ሂዱ።

ባጭሩ፦ ኮዱን ጠይቁ፣ የትኛው ሴንሰር እንደሆነ ለዩ፣ ፊውዝና ሽቦ እዩ፣ ማሞቂያውን ለኩ። መሞቱ ከተረጋገጠ ግዙ። ስትፈቱ ደግሞ ስፕሬይ፣ ሙቀት እና ጊዜ ከጉልበት ይበልጣሉ።

እናንተስ? መኪናችሁ ላይ የትኛው ኮድ ነው የወጣው? ኮሜንት ላይ ኮዱንና የመኪናውን ሞዴል ጻፉልን። ቢጫ መብራት በርቶበት እየነዳ ላለ ጓደኛችሁም ላኩለት።